አርሰናል ከየት መጣ? በደጋፊዎች ስብስብ ላይ ያደረግኩት ንግግር

(የዛን ቀን ያልመጣችሁ ላኩልን ስላላችሁ ከስልክ ቅጂው ላይ እየሰማሁ ነው የገለበጥኩት። የተሳቀበትንም የተጮኸበትንም ቦታ አልነካሁትም።)

እንደምን አመሻችሁ! ጤና ይስጥልኝ! ከኋላ የቆማችሁ ልጆች ወደፊት ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ ወንበር እኮ አለ። ጋሼ፣ እርሶ እዚህ ይምጡ፣ እዚህ ጋር ይሻሎታል። እሺ። በመጀመሪያ ይሄን አዳራሽ ለለመናችሁልን፣ ወንበር ለተሸከማችሁ፣ ማሊያ ለብሳችሁ ከስራ በቀጥታ ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ ስለ ዝውውር አላወራም። ስለ ዳኛ አላወራም። ቫርን፣ ያን የቪዲዮ ዳኝነት፣ አልነካም፣ ቃል እገባለሁ። (ሳቅ) አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ "ክለባችን እንዴት ተመሰረተ" የሚል ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት፣ ምክንያቱም እኛ እኮ ይሄን ክለብ በዲኤስቲቪ ቤት ነው ያወቅነው፣ ሄንሪን ነው ያወቅነው፣ በርካምፕን ነው ያወቅነው፣ ካኑን ነው ያወቅነው፣ ከዛ በፊት ያለው መቶ ምናምን ዓመት ለብዙዎቻችን ጨለማ ነው። እና ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ እነማን ጀመሩት። ሁለተኛ ገንዘብ መቼ ገባበት። ሦስተኛ ለምን ሰፈሩን ጥሎ ሄደ። በመሃል ወጣ ገባ ካልኩ ታገሱኝ፣ እድሜ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ በኛ ስጠራ እነግራችኋለሁ።

ለምን ገንዘብን ለብቻው ነጥብ አደረግኩት? ሁሌ ስንሸነፍ የምንለውን ታውቃላችሁ። "ድሮ ኳስ በፍቅር ነበር፣ አሁን ገንዘብ አበላሸው" እንላለን። እውነት ነው ወይ? ድሮ የምንለው የትኛውን ድሮ ነው? እኔ ወደኋላ ሄጄ ሄጄ ያንን ገንዘብ የሌለበትን ድሮ ፈለግኩት፣ ያገኘሁት ቢበዛ አምስት ዓመት ነው። አምስት! ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ኪራይ ነው፣ እዳ ነው፣ ደሞዝ ነው፣ ሼር ነው። እና ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ የአምስት ዓመት ፍቅርና ከዛ በኋላ የመጣ ረጅም ጭቅጭቅ ነው።

እሺ ወደ አንደኛው።

ዓመቱ 1886 ነው። በኛ 1879። 1879 ምን የሆነበት ዓመት ነው? ማን ይነግረኛል? ... ጎበዝ! አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ ጋር ቤት ያሰሩበት፣ ስሟንም አዲስ አበባ ያሉበት ዓመት ማለት ነው። ክለባችንና ከተማችን እኩያ ናቸው! (ጭብጨባ) ይሄን ለማንም የማንቸስተር ደጋፊ ንገሩት፣ ምንም አይመልስም።

እና የዛን ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ ከለንደን በስተ ምስራቅ፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ ዉሊች የሚባል ቦታ አለ። ዛሬ ለንደን ውስጥ ነው፣ ያኔ ግን ዳር ነበር። እዛ ሮያል አርሰናል የሚባል ትልቅ የመሳሪያ ፋብሪካ አለ። መድፍ ይሰራል፣ ጥይት ይሰራል፣ በሺ የሚቆጠር ሰራተኛ ይገባበታል። መድፈኞቹ የምንባለው ለዚህ ነው እንጂ በረኛ ስለምንደበድብ አይደለም። እንግዲህ ታሪክ ስናወራ ሁሉንም እናውራ ካልን፣ ይሄ ፋብሪካ የእንግሊዝ ጦር ዋና የመሳሪያ ማምረቻ ነበር፣ ክለቡ ከመመስረቱ 18 ዓመት በፊት መቅደላ ድረስ የወጣው ጦር ማለት ነው። አዎ። ዝም አላችሁ አይደል? እኔም መጀመሪያ ሳስበው ዝም ብዬ ነበር። ደረታችን ላይ ያለው መድፍ የማን መድፍ ነው ያልኩበት ጊዜ አለ። ግን ኳሱን የጀመሩት ጄኔራሎቹ አይደሉም፣ በሰዓት የሚከፈላቸው ሰራተኞች ናቸው፣ እኔ ራሴን ያሳመንኩት በዚህ ነው፣ እናንተ ደሞ በራሳችሁ መንገድ ተወያዩበት።

በዛ ግቢ ውስጥ ዳያል ስኩዌር የሚባል ወርክሾፕ ነበር፣ በሩ ላይ የፀሐይ ሰዓት አለው። እዛ የሚሰራ ዴቪድ ዳንስኪን የሚባል የስኮትላንድ ልጅ ኳስ ያቃጥለዋል። ስኮትላንድ ያኔ ኳስ የሚያብድባት አገር ናት፣ ዉሊች ግን ራግቢና ክሪኬት እንጂ እግር ኳስ ብዙም አያውቅም። ታዲያ ዳንስኪን ምን አደረገ? መዋጮ። መዋጮ ነው የጀመረው! አስራ አምስት ሰው ስድስት ስድስት ፔንስ አዋጣ፣ አልሞላ ሲል ዳንስኪን ራሱ ከኪሱ ሦስት ሽልንግ ጨመረ፣ ኳስ ተገዛ። በቃ። አርሰናል ማለት ይሄ ነው። ባለሀብት የለ፣ ስፖንሰር የለ፣ የመዋጮ ኳስ።

እኔ ይሄን ሳነብ ሳቄ ነው የመጣው። ጉለሌ ነው ያደግኩት፣ እዚህ ያላችሁ አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ በጨርቅ ኳስ ነው፣ የእናቶቻችን ካልሲ ተሰርቆ፣ ውስጡ ጨርቅ ተሞልቶ። ከዛ ትንሽ ከፍ ስንል መርካቶ ሄደን እውነተኛ ኳስ እንግዛ ተባለ፣ ሳንቲም ተሰበሰበ፣ የሚጎድለውን የሸፈነው ልጅ ደሞ በዛች ሳንቲም ምክንያት አምበል ሆነ! ምን ይባላል? ኳሱን አልጋው ስር ነው የሚያሳድረው፣ ከተጣላን ጨዋታ የለም። ዳንስኪንም ሦስት ሽልንግ ጨምሮ የመጀመሪያው አምበል ሆነ። የዓለም ስርዓት አንድ ነው ማለት ነው። (ሳቅ)

አንዱን ሰው ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጃክ ሃምብል። ስሙን ያዙት፣ ሁለተኛው ነጥብ ላይ እንፈልገዋለን። ይሄ ልጅ ሰሜን እንግሊዝ፣ ደርሃም የሚባል አውራጃ ነው የተወለደው። እናት አባቱ ሞቱበት። ከወንድሙ ጋር ሆኖ ስራ ፍለጋ ወደ ለንደን መጣ። በምን መጣ? በእግሩ! ወደ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ከደሴ አዲስ አበባ በሉት። በእግር ተጉዞ ዉሊች ፋብሪካ ተቀጠረ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከክፍለ ሀገር ስራ ፍለጋ የመጣችሁ ስንት ናችሁ? እጅ አውጡ እስቲ። አያችሁ? ግማሹ አዳራሽ! ክለቡን የመሰረቱት እንደናንተ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ የለንደን ተወላጆች ሳይሆኑ ከስኮትላንድ፣ ከሰሜን፣ ከኖቲንግሃም ለእንጀራ የመጡ።

ኖቲንግሃም ካልኩ አይቀር፣ ፍሬድ ቢርድስሊ የሚባል በረኛ እና ሞሪስ ቤትስ የሚባል ተከላካይ ነበሩ፣ ሁለቱም ኖቲንግሃም ፎረስት የተጫወቱ፣ ኋላ ፋብሪካው የገቡ። ማሊያ መግዣ ገንዘብ የለም። ታዲያ ወደ ድሮ ክለባቸው ደብዳቤ ፃፉ፣ ለወዳጅነት ስትሉ እርዱን አሉ፣ ፎረስትም ቀይ ማሊያ እና ኳስ ላከላቸው። ቀዩ ከዛ ነው የመጣው! ዛሬ ፎረስት ጋር ስንጫወት ልጆቹ "እነዚህ ደሞ ቀያችንን ሰረቁ" ሲሉ እሰማለሁ። ኧረ ተዉ። እኛ ነን የተቀበልን፣ ያውም በልመና።

የመጀመሪያው ጨዋታ ታኅሣሥ ላይ፣ በነሱ ዲሴምበር 11 ቀን 1886፣ ከኢስተርን ዋንደረርስ ጋር። ቦታው ወንዙን ተሻግሮ አይል ኦፍ ዶግስ። ዳያል ስኩዌር ተብለው ነው የገቡት፣ 6 ለ 0 አሸነፉ። የመጀመሪያው ፀሐፊ ኤላይጃ ዋትኪንስ የሚባለው ኋላ ስለ ሜዳው ሲያስታውስ ምን አለ መሰላችሁ፣ ቅርፁን ራሱ መናገር አልችልም ይላል፣ አብዛኛው ዙሪያው የሰው ጓሮ ነው፣ የቀረው ወገን ደሞ ክፍት ቦይ፣ ቦይ ስላችሁ ንፁህ ውሃ እንዳይመስላችሁ። ስድስት ጎል ያገቡት እዛ ላይ ነው። ዛሬ ሳሩ ትንሽ ረዘመ ብሎ ለሚያማርር ተጫዋች ይሄን ማስነበብ ነበር።

ከዛ በገና ቀን፣ በፈረንጅ ገና፣ ዉሊች ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሮያል ኦክ የሚባል መጠጥ ቤት ተሰበሰቡና ስሙን ሮያል አርሰናል አሉት። በጥር ኤሪዝ ከሚባል ቡድን ጋር በዚህ ስም ተጫወቱ። ገና በበዓል ቀን ስብሰባ! ሚስቶቻቸው ምን ብለው ይሆን ብዬ አስባለሁ። (ሳቅ) አንቺ እዛ ጋር የሳቅሽው፣ ገብቶሻል ማለት ነው።

ሜዳው ነገር በፍጥነት ልለፈው። መጀመሪያ ፕላምስቴድ ኮመን የሚባል ክፍት መስክ ላይ ነው፣ ከዛ ድሮ የአሳማ እርባታ የነበረ ረግረግ አጠገብ ያለ ሜዳ ሄዱ፣ እሱ ውሃ ሲተኛበት አጠገቡ ወዳለው ማነር ፊልድ፣ እዛ ደሞ የተመልካች መቀመጫ ስለሌለ ከጦሩ ጋሪ እየተዋሱ ሰው ጋሪ ላይ ቆሞ ያያል። ከዛ በ1890 ኢንቪክታ የሚባል መቀመጫ ያለው ሜዳ ተከራዩ። ያ ኪራይ ጉድ ያመጣል፣ እመለስበታለሁ። በ1888 የመጀመሪያው አርማ ወጣ፣ ሦስት መድፍ ወደ ላይ ቆሞ። ከዉሊች ከተማ አርማ ነው የተወሰደው። በሩቁ ሲታይ የፋብሪካ ጭስ መውጫ ነው የሚመስለው፣ እስከ ዛሬ ጭስ መውጫ ነው ብሎ የሚከራከር አለ።

እሺ፣ ሁለተኛው ነጥብ። ገንዘብ። ይሄ ነው ዋናው፣ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ።

ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ኳስ ለገንዘብ መጫወት በደንብ የተፈቀደው በ1885 ነው። በሰሜን ያሉት ክለቦች ወዲያው ገቡበት። በደቡብ፣ በተለይ ለንደን፣ የኳሱ አለቆች ባለ ኮሌጅ፣ ባለ ቤተሰብ ጌቶች ናቸው፣ ለነሱ ደሞዝ የሚበላ ተጫዋች ነውር ነው። ኳስ የጨዋ ልጅ መዝናኛ ነው ባይ ናቸው። አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ኳስን በነፃ መጫወት ለማን ይቀላል? ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ፋብሪካ ውሎ ለሚመጣው ነው ወይስ የአባቱ መሬት ለሚያበላው? እግሩ ቢሰበር የማን ልጆች ናቸው የሚራቡት? "ለፍቅር ነው የምጫወተው" ማለት የሚችለው የጠገበ ነው! ይሄን ስናገር አንዳንድ ሰው ይከፋዋል፣ ይክፋው።

ሮያል አርሰናል በነዛ ዓመታት ጎበዝ ሆኗል። ከስኮትላንድ ጥሩ ጥሩ ተጫዋች ያመጣል፣ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም፣ ግን ፋብሪካው ውስጥ ስራ ያስገኝለታል። የኬንት ዋንጫ ወሰደ፣ የለንደን ዋንጫዎችን ወሰደ። በ1891 ጥር ላይ በኤፍኤ ካፕ፣ በእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ማለት ነው፣ ከደርቢ ካውንቲ ጋር ተገናኙ። ደርቢ የሊግ ክለብ ነው፣ ፕሮፌሽናል ነው። 2 ለ 1 ተሸነፉ፣ አያሳፍርም። ያሳፈረው ከጨዋታው በኋላ ነው። ደርቢዎች ምን አደረጉ? ሁለቱን ምርጥ ልጆች፣ ኮኖሊንና ቡይስትን፣ ወደኛ ኑ እንከፍላችኋለን አሏቸው!

ይሄ ነገር ለኔ መፅሐፍ ውስጥ ያለ ታሪክ አይደለም። የሰፈራችን ቡድን ጥሩ የነበረበት ዓመት ነበር፣ አንድ ግራ እግር ልጅ ነበረን፣ ስሙን አልጠራም አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ማንም አያቆመውም። ከወንዝ ማዶ ካለ ሰፈር ጋር ተጫወትን፣ አሸነፍናቸው፣ ልጁ ብቻውን አሸነፋቸው ማለት ይሻላል። በሳምንቱ ልጁ የለም። የት ሄደ? ማዶ! ለካ ታኬታ ገዝተውለታል። አዲስ እንኳን አይደለም፣ ያገለገለ ታኬታ! እኛ ከዳተኛ አልነው፣ ዘፈን አወጣንበት፣ እናቱ በር ላይ ሄደን ጮህን። አሁን ሳስበው ልጁ በባዶ እግሩ ነበር የሚጫወተው። በባዶ እግሩ! እኛ ታኬታ ልንገዛለት አስበን እናውቃለን? አናውቅም። ፍቅር ነበራ።

ዉሊቾች ከኛ ይሻላሉ፣ አሰቡበት። ለተጫዋቾቻችን ካልከፈልን በየዓመቱ ይወስዱብናል፣ ስለዚህ እንክፈል አሉ። ስብሰባ ተጠራ፣ ሃሳቡን ያቀረበው ማን ነው? ያ በእግሩ የመጣው ልጅ፣ ጃክ ሃምብል! ፀደቀ። ለንደን ውስጥ ፕሮፌሽናል የሆነ የመጀመሪያው ክለብ። ማጨብጨብ ትችላላችሁ። (ጭብጨባ) ግን ቆይ፣ ቶሎ አታጨብጭቡ። በዛው ስብሰባ ሌላ ሃሳብም ነበር፣ ክለቡ በሼር የተመሰረተ ኩባንያ ይሁን የሚል። እሱን ሃምብል ራሱ ተቃወመ። ክለቡን እስካሁን የተሸከሙት ሰራተኞች ናቸው፣ ወደፊትም የሰራተኞች እንዲሆን ነው የምመኘው አለ። ደሞዝ ይከፈል፣ ባለቤቱ ግን አይቀየር። ያን ጊዜ ይሄ ሃሳብ አሸነፈ። እኔ ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት በዚህ ምክንያት ነው፣ ገንዘብን አልፈራም፣ ግን ገንዘቡ ማንን ጌታ እንደሚያደርግ አይቷል።

ከዛስ? የለንደን ፌዴሬሽን አባረራቸው። ተባረሩ! የለንደን ዋንጫ የለም፣ የአካባቢ ውድድር የለም፣ አንዳንዱ ጎረቤት ክለብ ፊቱን አዞረባቸው። የቀራቸው ኤፍኤ ካፕ እና የወዳጅነት ጨዋታ ብቻ ነው። በደቡብ ያሉ ክለቦች አንድ ላይ ሊግ እንመስርት ብለው ሞከሩ፣ ያን ጊዜ አልተሳካም። አስቡት፣ ለተጫዋች ደሞዝ ትከፍላለህ፣ የምትጫወተው ግን እውነተኛ ውድድር የለህም። ተመልካች ለወዳጅነት ጨዋታ ስንት ጊዜ ይመጣል?

በዚህ ላይ አከራዩ መጣ። ኪራይ ጉድ ያመጣል ብያችሁ ነበር። የኢንቪክታ ሜዳ ባለቤት ዊቨር ይባላል፣ የማዕድን ውሃ ነጋዴ ነው፣ ክለቡ ገቢ አለው ብሎ አሰበና በ1893 ኪራዩን ከ200 ፓውንድ ወደ 350 አነሳው። አከራይ የትም አከራይ ነው አይደል? (ሳቅ፣ ጩኸት) አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ሁላችሁም የራሳችሁ ዊቨር አላችሁ።

አሁን ሃምብልና ጓደኞቹ ምን ያድርጉ? ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ የሰሜኖቹን ትልቁን ሊግ አመለከቱ፣ ተቀበላቸው፣ ሁለተኛ ዲቪዥን ገቡ፣ ከደቡብ እንግሊዝ የገባ የመጀመሪያው ክለብ። ሁለተኛ የድሮውን ማነር ሜዳ ለመግዛት ወሰኑ፣ ለመግዛት ደሞ ያ በ1891 እምቢ ያሉት ነገር ግድ ሆነ፣ ኩባንያ። ሼር ሊሸጡ ነው። 4,000 ሼር፣ አንዱ በአንድ ፓውንድ። የተሸጠው 1,552 ብቻ ነው፣ የገዛው 860 ሰው። አስሉት፣ ለአንድ ሰው ሁለት እንኳን አይደርስም። ማን ገዛ? አብዛኛው የዛው ሰፈር የጉልበት ሰራተኛ! አንድ ሼር ገዝቶ ወረቀቱን ቤቱ የሰቀለ ሰው ይታየኛል። የክረምቱን እረፍት ደሞ ደጋፊዎቹ ራሳቸው አካፋ ይዘው ሜዳውን ሰሩ፣ መስከረም እንዲደርስ። ደረሰ። በ1893 ሴፕቴምበር 2 ከኒውካስል ጋር የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ አደረጉ፣ 2 ለ 2።

ስሙም ዉሊች አርሰናል ሆነ፣ ኩባንያ ሲሆኑ "ሮያል" የሚለውን መያዝ ስላልተፈቀደላቸው። ሁሉም ሰው ግን አልተስማማም፣ ከኮሚቴው የተገነጠሉት ሌላ ክለብ አቋቁመው እዛው ኢንቪክታ ላይ ቀሩ፣ እሱ በ1896 ፈረሰ። ሜዳውም ፈርሶ ቤት ተሰራበት። የሚገርመው ፕላምስቴድ ውስጥ ሄክተር ስትሪት የሚባል መንገድ አለ፣ እዛ ያሉ ሰዎች ጓሮ ውስጥ የድሮው የተመልካች መቆሚያ ሲሚንቶ ቁራጭ ብዙ ዘመን ቆይቷል። ልብስ እያሰጡበት። እኔ ሎንዶን የመሄድ እድል ቢያጋጥመኝ ከአሁኑ ስታዲየማችን ከኤምሬትስ በፊት የማየው እሱን ነው፣ ባለቤቷ ካስገባችኝ።

ሰዓቱ ስንት ነው? ... ኧረ? እሺ፣ ሦስተኛውን ጠበቅ ላድርግ።

ማነር ሜዳ የራሳቸው ነው፣ ደስ ይላል። ግን ሩቅ ነው። ከመሃል ለንደን ለመምጣት ባቡሩ አድካሚ፣ የሰሜን ክለቦች ራሳቸው ዉሊች ሂዱ ሲባሉ ያኮርፋሉ። አጠገቡ ደሞ ትልቅ የፍሳሽ ቧንቧ የሚያልፍበት ከፍ ያለ ግንብ አለ፣ ሰው እሱ ላይ ወጥቶ በነፃ ያያል። ክለቡ ሲራብ እነሱ በነፃ! ከዛ የቦር ጦርነት መጣ፣ 1899። ደቡብ አፍሪካ ላይ የሚተኮሰው የሚሰራው እዛው ፋብሪካ ነው፣ ሰራተኛው ቅዳሜ ከሰዓት ትርፍ ሰዓት ግባ ተባለ፣ ስታዲየሙ ባዶ ሆነ። አያችሁ የነገሩን ክፋት? ፋብሪካው ደህና ሲሆን ክለቡ ይታመማል። እንደዛም ሆኖ በ1904 አንደኛ ዲቪዥን ወጡ። ግን ወዲያው ደሞ ቼልሲ ተመሰረተ፣ ቶተንሃም ሊግ ገባ፣ መሃል ከተማ የሚቀርብ ኳስ በዛ፣ ሰው ዉሊች ድረስ ለምን ይሂድ?

በ1910 ክለቡ ከሰረ። ቃሉን ላለሳልስላችሁ፣ ከሰረ። ሊቀመንበሩ ጆርጅ ሊቪ የልብስ ነጋዴ ነው፣ ስንት ጊዜ ከኪሱ እየከፈለ አቆይቶት ደከመው። ያኔ ሄንሪ ኖሪስ መጣ። ቤት ሰርቶ ሻጭ ሀብታም፣ የፉልሃም ሊቀመንበር የነበረ። መጀመሪያ ያሰበው ከፉልሃም ጋር ሊያዋህደን ነበር! ሊጉ እምቢ ባይል ዛሬ እዚህ አዳራሽ የለንም፣ ወይ የፉልሃም ደጋፊ ሆነን ተሰብስበናል። ከዛ በ1912/13 ውድድር ዓመት ከ38 ጨዋታ ያሸነፉት 3 ብቻ ነው። ሦስት! 26 ጎል፣ 18 ነጥብ፣ መጨረሻ። ወረዱ። ልጆቼ፣ እናንተ ስምንተኛ ወጣን ብላችሁ ያለቀሳችሁት ታስታውሳላችሁ?

ኖሪስ ወሰነ። ወንዙን ተሻግሮ ሰሜን ለንደን፣ ሃይበሪ። ለምን? ባቡር ጣቢያ አጠገቡ አለ፣ ሰው አለ። መሬቱ የሃይማኖት ኮሌጅ ነው፣ ለ21 ዓመት ኪራይ 20,000 ፓውንድ። የኮሌጁ ሰዎች ደሞ በስቅለትና በገና ጨዋታ እንዳይኖር፣ መጠጥም እንዳይሸጥ ብለው ውል ውስጥ አስገቡ። ፊርማው ላይ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ራሳቸው አሉበት። ያ በገና ቀን መጠጥ ቤት የተሰየመ ክለብ!

ቶተንሃም ተቃወመ፣ ኦሪየንት ተቃወመ፣ የሰፈሩ ነዋሪ ተቃወመ፣ ሊጉ ግን ፈቀደ። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1913 ሃይበሪ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ከሌስተር ፎስ ጋር፣ 2 ለ 1። ሜዳው ገና አላለቀም። ጆብሊ፣ ይቅርታ ጆቢ፣ ጆርጅ ጆቢ የሚባለው አጥቂ የሃይበሪን የመጀመሪያ ጎላችንን አገባ፣ ከዛ ተጎዳ፣ መታጠቢያም መታከሚያም በወጉ የለም፣ በወተት ሻጭ ጋሪ ጭነው ነው ወደ ማደሪያው የወሰዱት።

ሁላችንም ሃይበሪ ስንል ደረታችን ይነፋል። ግን ዉሊች የቀረውስ ሰውዬ? ያ አንድ ሼር የገዛው፣ ያ አካፋ ይዞ ሜዳ የሰራው? ቅዳሜ ከስራ ወጥቶ ወዴት ይሂድ? የአካባቢው ጋዜጣ ላይ በንዴት ደብዳቤ ፃፉ፣ ማን ሰማቸው። እኛ ጉለሌ የምንጫወትበት ሜዳ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ግድ ነበር ቤት ያስፈልጋል እላለሁ፣ የማውቃቸው ሰዎች እዛ ይኖራሉ፣ ግን በዛ ሳልፍ ዛሬም አንገቴን ወደዛ አላዞርም። ኖሪስ ባያደርገው ክለቡ ይሞት ነበር ወይ? ይመስለኛል፣ ይሞት ነበር። ስለዚህ ልክ ነበር ወይ? ልክ ነበር የሚለው ሰው እስቲ መጀመሪያ ዉሊች ሄዶ ይንገራቸው። ሃምብልስ? ሃምብል አብሮ ተሻገረ፣ እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ በቦርድ ውስጥ ነበር። ዳንስኪን ግን ቀድሞ ወጥቷል፣ ተጎድቶ ኳስ ካቆመ በኋላ የብስክሌት ሱቅ ከፈተ፣ በ1948 ነው የሞተው። ያ የስድስት ፔንስ መዋጮ የሊግ ዋንጫ ላይ ዋንጫ ሲደረድር በህይወቱ ሰምቷል።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ካልነገርኳችሁ ቶተንሃሞች ይነግሯችኋል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 አንደኛ ዲቪዥን ሊሰፋ ነው፣ ቦታ አለ። እኛ ከጦርነቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ዓመት ሁለተኛ ዲቪዥን ውስጥ ከአንድ እስከ አራት እንኳን አልገባንም። ቶተንሃም ደሞ ከላይኛው መጨረሻ ወጥቶ መቆየት ይፈልጋል። ድምፅ ተሰጠ፣ አርሰናል 18፣ ቶተንሃም 8። ቶተንሃም ወረደ፣ እኛ ወጣን፣ ከዛን ጊዜ ጀምሮ ወርደን አናውቅም። ኖሪስ እንዴት አድርጎ አሳመናቸው? መቶ ዓመት ሙሉ ሲጠየቅ ነው የኖረው። በይፋ የተባለው አርሰናል ለረጅም ጊዜ የሊጉ አባል ሆኖ ስላገለገለ ነው የሚል ነው። እናንተ እመኑ አትመኑ የራሳችሁ ጉዳይ ነው፣ እኔ እንኳን ደጋፊ ሆኜ ትንሽ ያንቀኛል።

እሺ፣ እኔ በዚሁ ላቁም፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ማይኩን ወደኋላ አሳልፉት እስቲ። እዛ በሩ ጋር የቶተንሃምን ነጭ ማሊያ ደብቆ ጃኬት የደረበ ልጅ አይቻለሁ፣ ስለ 1919 መጀመሪያ እሱ ይናገር።